የከተማ ዳር ቤቶቻችን መልክ፦ ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
ቤትና ግንባታ

በቅርቡ ከሰሜን ሸዋ ዞን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በከተማ ዳር የሚሠሩ ቤቶችን መልክና ውበት የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ትዳር ከያዝኩ ወዲህ ግን የምኖረው ደብረ ብርሃን ዳር፣ ገና በመስፋፋት ላይ በሚገኝ አዲስ መንደር ውስጥ ነው። በማኅበር ተደራጅተን ያገኘነው ቦታ ላይ ቤት ለመጀመር ብረትና ድንጋይ እያጠራቀምን ነው። ለዓመት በዓል እናቴን ለመጠየቅ ወደ ሮቢት ስወርድ፣ ወደ ባለቤቴ ዘመዶችም ወደ መሐል ሜዳ ስንወጣ፣ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። የሮቢት ዳር ቤቶች ብዙ ገንዘብ ያልወጣባቸው እንኳ ቢሆኑ ዓይን ይስባሉ፤ የመንዝ የድንጋይ ቤቶችም የራሳቸው ግርማ አላቸው። የእኛ መንደር ግን ያን ያህል ገንዘብ ፈስሶበት ሳለ ፊቱን የቋጠረ ይመስላል። ይህ የትውልድ አገሬ ናፍቆት የፈጠረብኝ ነው ወይስ ምክንያት ያለው ልዩነት ነው? ባለቤቴ አዲስ አበባ ያየውን ባለ ኤል ቅርጽ ቪላ ካልሠራን ብሎ ይዞኛል። ምን ይመክሩናል?
(ስሟ እንዲገለጽ ያልፈለገች አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ናፍቆቱ ጥቂት ሳይጨምርበት አይቀርም፤ ያዩት ልዩነት ግን በእርግጥ ያለ ነው። ዋና ምክንያቱም የቦታው ከፍታና በአካባቢው የሚገኘው የግንባታ ዕቃ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መንገድ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል 9 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ሲያድር፣ ከጣርማበር ዋሻ ማዶ ቁልቁል ወርደው የሚገኙት የሮቢት ዘመዶችዎ ወንበር አውጥተው በረንዳ ላይ ያመሻሉ። ለእነዚህ ሁለት አየሮች የተሠሩ ቤቶች አንድ ዓይነት መልክ ቢኖራቸው ኖሮ ነበር የሚያስገርመው።

ከሮቢት እንጀምር። ሮቢት በምትገኝበት በቀወት ወረዳ ቆላ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ከፀሐይ ስለ መሸሽ ነው። ስለዚህ ነባሩ የሮቢት ዳር ቤት ጣራውን ከግድግዳው አርቆ ያወጣል፣ ከፊት ለፊቱ በረንዳ ይዘረጋል፣ በርና መስኮቱን ትይዩ አድርጎ ነፋስ ያሳልፋል፣ ግቢው ውስጥ ማንጎ ወይም ኒም ይተክላል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለሙቀቱ ሲባል ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው በጥላና በብርሃን ስለሚከፈል፣ በረንዳውም ለቤቱ ጥልቀት ስለሚሰጠው፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰውም ግቢውንና ከዛፉ ሥር የተቀመጠውን ሽማግሌ አሻግሮ ስለሚያይ፣ ቤቱ ለዓይን የሚጥም መልክ ይይዛል። ምስጥ የቆላ ጣጣ በመሆኑ ደግሞ የጭቃ ቤት እንኳ ቢሆን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ እንዲቆም ይመረጣል፤ መሬት የሚገባው የምሰሶው ጫፍም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ያ ከፍ ያለ መሠረት ቤቱን ቀና አድርጎ ስለሚያሳየው፣ እርስዎ ከወደዱት ውበት ከፊሉን ያመጣው ምስጥን መፍራት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

መንዝ የዚህ ተቃራኒ ነው። መሐል ሜዳ አካባቢ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ዛፍ በቀላሉ አይበቅልም፣ ነፋሱን የሚያግድ ነገር የለም፣ ማገዶው በአብዛኛው ኩበት ነው። ድንጋይ ግን ሞልቷል። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች የጣርማበር ባዛልት እያሉ የሚጠሩት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የዚያን አካባቢ ተራሮች የሸፈነ በመሆኑ ገበሬው ከማሳው እየለቀመ ካብም፣ በረትም፣ ቤትም ይሠራበታል። ለክዳን ደግሞ ጓሳ አለ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሣር ነው። ሕዝቡ ቦታውን ለዘመናት ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው፣ ሣሩ እስኪያድግ ዘግቶ እያቆየ፣ ሲደርስ በሥርዓቱ መሪ በአባ ቄራው ፈቃድ በጋራ ሲያጭደው ኖሯል። የቤቱ ቁመት አጭር፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ጠባብ፣ መስኮቱም ቢኖር የእጅ ስንዝር የሚያክል የሆነው ነፋስ እንዳይገባና የምድጃው ሙቀት እንዳይወጣ ነው። የባለቤትዎ ዘመዶች ዘንድ ሲሄዱ ወደ አንዱ የቆየ ቤት ማዕዘን ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ረጃጅሞቹ ድንጋዮች ተራ በተራ አንዱ ወደዚህኛው ግድግዳ ቀጣዩ ወደዚያኛው እየተዘረጉ ሁለቱን ግድግዳዎች እንዴት እንደሚያያይዙ፣ በየመካከሉም ከውጭ ገብቶ እስከ ውስጥ የሚደርስ አንድ ረጅም ድንጋይ ጣል እየተደረገ የግድግዳውን ሁለት ፊቶች እንዴት እንደሚያስር፣ ክፍተቱ በጠጠር ተደፍኖ ጭቃው ከድንጋዩ ፊት ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ እንዲል እንዴት እንደ ተደረገ ያያሉ። ከመሬት እስከ ክዳኑ ሥር አንድ ዕቃ፣ ያውም ቤቱ ከቆመበት መሬት የወጣ ዕቃ መሆኑ ነው ግርማ ያሉትን ነገር የሰጠው።

አሁን ወደ ራስዎ መንደር እንመለስ። ደብረ ብርሃንም የራሷ መልክ ያልነበራት ከተማ አይደለችም። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ በኋላ በከተማዋ ዙሪያ ተስፋፍቶ አጣናና ማገር በቅርብ እንዲገኝ ስላደረገ፣ በኋላም ቆርቆሮ ስለተጨመረበት፣ ረዘም ያለ፣ አራት ማዕዘን፣ በጭድ በቦካ ጭቃ ተመርጎ በኖራ የተቀባ፣ በርና መስኮቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው ቤት የከተማዋ መለያ ሆኖ ቆይቷል። የቤቱ ትልቅነት የሚነገረውም በቆርቆሮው ቁጥር ነበር፤ ባለ 40 ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ደህና ኑሮ ያለው ነው ይባል ነበር። ቆርቆሮው ራሱ ቀጥ ያለ ዝርግ ስለሆነ ለክብ ቤት አይመችም፤ ክብ ቤት ከከተሞቻችን የጠፋበት አንደኛው ምክንያትም ይኸው ነው። እነዚያ ጭቃ ቤቶች ድሃ ቤቶች ቢሆኑም መጠናቸው የተስተካከለ፣ መንገድ ዳር የተደረደሩ፣ ፊታቸውን ለሰው የሚያሳዩ ነበሩ።

አዲሱ የከተማ ዳር መንደር ፊቱን የቋጠረ የመሰለዎት በሦስት ምክንያቶች ይመስለኛል፤ ሦስቱም ከሰዎቹ የምርጫ ጉድለት በፊት ከአሠራራችን የሚመነጩ ናቸው። የመጀመሪያው ግንባታው በየደረጃው መሆኑ ነው። ቦታው በሊዝም ሆነ በምደባ ሲሰጥ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ ተወስኖ ስለሆነ፣ የባለቤቱ አቅም ደግሞ ከዚያ ጋር አብሮ ስለማይሄድ፣ መጀመሪያ አጥሩና ሰርቪስ ቤቱ ይሠራል፣ ቤተሰቡ እዚያው ይገባል፣ ዋናው ቤት ለዓመታት ይቆያል። መንገደኛ የሚያየው እንግዲህ ያልተለሰነ የብሎኬት አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለ የሰርቪስ ቤት ጀርባና ወደ ሰማይ የቆመ የኮለን ብረት ነው። ሁለተኛው ገንዘቡ ሁሉ ፊት ላይ መዋሉ ነው። ዋናው ቤት ሲያልቅ የፊት ግድግዳው ሴራሚክ ይለጠፍበታል ወይም ኳርቲዝ ይቀባል፤ የጎኑና የጀርባው ብሎኬት ግን ራቁቱን ይቀራል፤ ቤቱ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ለብቻው የቆመ ስለሆነ ደግሞ ከሁሉም አቅጣጫ ይታያል። ሦስተኛው የአጥሩ ቁመት ነው። ይህን ጉዳይ የመጨረሻው ጥያቄ ስለሚያነሣው ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የላሜራ በር ላይ አንበሳና ንስር ማስቀረጽ የተለመደው፣ ለመንገደኛ የሚታይ ነገር ሌላ ምንም ስላልቀረ ይሆን እያልኩ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

የባለቤትዎን ቪላ በተመለከተ፣ ኤል ቅርጽ በራሱ ክፉ አይደለም። ችግሩ የአዲስ አበባው ፕላን ቦታውን ሳይጠይቅ መምጣቱ ነው። ፕላኑን የሚሸጥልዎት ሰው የመሬትዎ ፊት ወደ የት እንደሆነ ካልጠየቀዎት ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ስለምትገኝ፣ ብርዱ በሚጸናበት በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች። በዚህ ሰዓት ከደቡብ ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ ጣራ ከራሱ በታች 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። የጣራዎ ጫፍ ከወለሉ 3 ሜትር ላይ ቢሆንና የመስኮትዎ ራስ 2 ሜትር ከ10 ላይ ቢቆም፣ ጥላው ልክ መስኮቱ ራስ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያለው መስታወት በሙሉ ፀሐይ ይገባዋል። ሳሎንዎንና የልጆችን መኝታ ወደ ደቡብ ካደረጉ በውርጭ ወራት ቀኑን ሙሉ ያለ ማገዶ ሙቀት አገኙ ማለት ነው። ይኸው ስሌት ሮቢት ላይ ሲሠራ ደግሞ 2 ሜትር የወጣ በረንዳ 3 ሜትር ገደማ ጥላ ስለሚጥል የደቡቡ ግድግዳ በታኅሣሥ ቀትር እንኳ ከነመስኮቱ ጥላ ውስጥ ይሆናል። ያው ፀሐይ ነው፤ አንዱ አገር ጣራውን አሳጥሮ ይጋብዘዋል፣ ሌላው አርዝሞ ይመልሰዋል። ከሩቅ ሲያዩት ለምን እንደማይመሳሰሉ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። ስለዚህ የሮቢትን ሰፊ በረንዳ ናፍቀው ደብረ ብርሃን ላይ እንዳይደግሙት፤ ክረምቱን በእርጥበት፣ በጋውን በብርድ ጨለማ ውስጥ ያሳልፋሉ።

የኤሉን ክንድ የሚያስቀምጡት ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለው ገደል አፋፍ በኩል ለሚመጣው የበጋ ምሥራቅ ነፋስ ጀርባውን እንዲሰጥ ነው። ማለትም አንደኛው ክንድ በምሥራቅ በኩል ከሰሜን ወደ ደቡብ ይቁም፣ ሁለተኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይከፈት። እንዲህ ካደረጉት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚቀመጡበት፣ ነፋስ የማይደርስበትና ፀሐይ የሚሞቅ ቦታ ያገኛሉ። ምሥራቁን ግድግዳ ከተቻለ በአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ይሥሩት፤ ካልተቻለም ቢያንስ እስከ መስኮቱ ሥር ድንጋይ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው ብሎኬት በአራቱም በኩል ተለስኖ አንድ ቀለም ይቀባ። የሴራሚኩ ገንዘብ ለዚህ በቂ ነው። ሌላው ችላ የሚባለው ኮርኒሱ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮው እጅግ ስለሚቀዘቅዝ የቤቱ እርጥበት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ በረዶ ሲዘንብ ደግሞ በቤት ውስጥ መነጋገር አይቻልም። ቺፑድ ኮርኒስ፣ ከላዩም ሙቀት የሚይዝ ነገር ቢደረግበት፣ ከማንኛውም የፊት ጌጥ ይበልጥ ይጠቅማል። ቆርቆሮ ሲገዙም የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ውፍረቱ እንደሚጨምር አይርሱ፤ 35 ጌጅ ለዚያ ነፋስ የሚሆን አይደለም።

በጥያቄዎ ያልጠቀሷቸው ሌሎች የዞኑ ከተሞችም የየራሳቸው ነገር አላቸው። ደብረ ሲናና አንኮበር ጭጋግና ቁልቁለት ስለሚበዛባቸው ቤቱ በላይ በኩል ባለ አንድ ፎቅ፣ በታች በኩል ደግሞ ምድር ቤት ያለው ሆኖ ሲሠራ ያምርበታል፤ ተራራውን ቆርጦ ሜዳ ለማድረግ መሞከር ግን ውድም አደገኛም ነው። እነዋሪና የጅሩ ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ናቸው፤ ይህ አፈር በክረምት ያብጣል በበጋ ይሰነጠቃል፤ እዚያ አንድ ቤት ከማማሩ በፊት መሠረቱ ከዋልካው አልፎ ጽኑ መሬት ላይ መድረሱ ይቀድማል፤ የተሰነጠቀ ግድግዳን ቀለም አይሸፍነውም። ወደ ጀማ ሸለቆ ያዘነበሉት እንሳሮና መርሐቤቴ ደግሞ ነጣ ያለ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ አላቸው፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ እንሳሮ ላይ መተከሉም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ያ ነጣ ያለ ድንጋይ የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ለሆነችው ለዓለም ከተማ ቤቶች መንዝ የማታገኘውን ብሩህ መልክ ሊሰጣቸው ሲችል፣ እዚያም ብሎኬት ብቻ እየተደረደረ ማየት ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ለተከበረው ዓምድ። አባታችን ካረፉ በኋላ መሐል ሜዳ ዳር ያለው የድንጋይ ቤት ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ደረሰን። ክዳኑ ድሮ ጓሳ የነበረ ሲሆን አባታችን በሕይወት ሳሉ ቆርቆሮ አልብሰውታል። ጋሼ ቤቱን አፍርሰን ብሎኬት እንሥራ፣ ሰው በድንጋይ ቤት መኖር የድህነት ምልክት አድርጎ ነው የሚያየው ይላል። እኔ እንዳይፈርስ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ጨለማ መሆኑ እውነት ነው፤ እናታችንም ጭሱና ጨለማው ዓይናቸውን ጎዳው። በሲሚንቶ ለስነን ቀለም ብንቀባውስ?
(ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እናትዎ ከሁላችንም በፊት ሊሰሙ ይገባል፤ ጨለማና ጭስ ያለበትን ቤት ውበቱን እያደነቁ እንዲኖሩበት ማስገደድ ደግ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ለጭሱና ለጨለማው መፍትሔ ለማግኘት ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም። 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ እስከ ሌሊት ያቆያል፤ ባዶ ሆድ ያለው 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ይህን አያደርግም። አፍርሰው በብሎኬት ቢሠሩት የሚያገኙት ቤት ብሩህ ይሆናል፤ ከቀድሞው ይልቅ ብርዳም መሆኑም አይቀርም።

ማድረግ የሚገባዎትን በቅደም ተከተል ልግለጽልዎት። መጀመሪያ ማድ ቤቱን ከቤቱ ለይታችሁ ሥሩ፤ የጭሱ ነገር በዚያው ያልቃል። ቀጥሎ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ሁለት መስኮት ይከፈት። የድንጋይ ግድግዳ ሲከፈት መጀመሪያ ላይኛው ክፍል በእንጨት ተደግፎ፣ ከመስኮቱ በላይ የኮንክሪት ወይም የጠንካራ እንጨት መሸጋገሪያ ገብቶ፣ መሸጋገሪያውም በግራና በቀኝ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ዐርፎ መሆን አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ግንበኛ ይፈልጉ፤ መጀመሪያ ድንጋዩን ነቅሎ ኋላ የሚያስብ ግንበኛ ግድግዳውን ይንድብዎታል። መስኮቱ ከውጭ ጠበብ፣ ከውስጥ ሰፋ ብሎ ቢከፈትና የጎኑ ልስን ነጭ ቢቀባ፣ ከመጠኑ በላይ ብርሃን ወደ ቤት ይበትናል። የቤቱን የውስጥ ግድግዳ በጭቃና በኖራ ለስኖ ነጭ ማድረግም ያለ ምንም ጉዳት ይቻላል።

ከውጭ በሲሚንቶ መለሰኑን ግን አጥብቄ አልመክርም። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከመሬትና ከዝናብ የሚያገኘውን እርጥበት በየመገጣጠሚያው በኩል ወደ ውጭ እየተነፈሰ ነው የሚኖረው። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱ ከውስጥ ይታፈናል፣ ጭቃው ይላላል፣ በብርድ ወቅት ልስኑ እየተነቀለ ይረግፋል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ድንጋይም ልስንም ያልሆነ፣ ቁስል ያለበት ይመስላል። በየከተማው ዳር የምናያቸው በጣም የሚያስጠሉት የድንጋይ ቤቶች ያረጁት ሳይሆኑ እንዲህ የታደሱት ናቸው። ከውጭ የሚያስፈልገው የተቦረቦረውን መገጣጠሚያ መሙላት፣ ከጣራው ጫፍ አሸንዳ አድርጎ ውኃውን ከግድግዳው ማራቅ፣ ከመሠረቱ ዙሪያም የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ብቻ ነው።

ጓሳውን መልሱ ብዬ አልመክርዎትም። አባትዎ ቆርቆሮ ያለበሱት በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ የሣር ክዳን እሳት ይፈራል፣ በየጊዜው ይታደሳል፣ ብዙ ጉልበትና ደቦ ይፈልጋል፣ ጓሳውም እንደ ድሮው እንደ ልብ የሚታጨድ አይደለም። ነገር ግን ለጓሳ የተሠራ ጣራ ቁልቁለቱ ከፍተኛ ነው፤ ቆርቆሮ ሲለብስ ያንኑ ቁልቁለት እንደያዘ ቢተው ቤቱ የቀድሞ ቅርጹን ይጠብቃል። ብዙዎች ቆርቆሮ ለመቆጠብ ጣራውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ ግድግዳ ቆብ እንዳጣ ሰው ይሆናል። ለጋሼ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ በአሁኑ ጊዜ ቱሪስት የሚያሳርፉ ማረፊያዎች ለጌጥ ብለው ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚያስጠርቡት ድንጋይ እሱ ሊያፈርሰው ያሰበው ነው። ክፍል ካነሰባችሁ ከጀርባ በኩል ብሎኬትም ቢሆን ጨምሩበት፤ የፊቱ ቤት ግን ይቆይ።

ጥያቄ፦ አጣዬ ዳር ቤት እየጨረስኩ ነው። የጣራውን ቀለም ጥቁር ቀይ ወይስ ሌላ ላድርግ? አጥሩንስ ስንት ሜትር ላንሣው? አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ድንጋይ አትሥራ፣ የእኛ አገር መሬት ይንቀጠቀጣል ይሉኛል።
(ከአጣዬ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም ከቀለሙ የሚበልጠው እሱ ነው። ሰዎቹ እውነት አላቸው። የእናንተ አካባቢ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ በካራቆሬ የተነሣውና መጠኑ ከ6 በላይ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ ክፉኛ አፍርሷታል። በ2017 ዓ.ም.ም በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው አስደንግጧል። በጭቃ የተያያዘ ወፍራም ድንጋይ ብርድን በመከላከል ረገድ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሲንቀጠቀጥ ግን ክብደቱ ባለቤቱ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ መንዝ ላይ ያመሰገንኩትን ግድግዳ አጣዬ ላይ አልመክረውም። ድንጋዩን እስከ ወለሉ ድረስ ለመሠረት ይጠቀሙበት፤ ከዚያ በላይ ኮለን፣ ከመሠረቱ ላይና ከመስኮቱ በላይ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚዞር ቢም፣ በመካከሉ ቀላል ግድግዳ ይሁን፤ ጣራው ቆርቆሮ መሆኑም እዚህ ላይ ጥቅም ነው። በደንብ የታሰረ የእንጨትና የጭቃ ቤትም ቢሆን፣ ምስጡ ከተጠበቀ፣ እየተወዛወዘ ስለሚቆም ከድንጋዩ ይሻላል። በ2013 ዓ.ም. ከደረሰው ቃጠሎ ወዲህ አጣዬ ላይ ብዙ ቤት እንደ አዲስ ስለተሠራ፣ እንደገና የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ጥቁር ቀይ ጣራ ደጋ ላይ ያምራል፣ ሙቀትም ይሰበስባል፤ ለቆላ ግን አይሆንም። ነጣ ያለ ቀለም ይምረጡ፤ ከሥሩ ኮርኒስ፣ ከጎኑም ከቆርቆሮው ሥር የተጠራቀመው ሞቃት አየር የሚወጣበት በወንፊት የተሸፈነ መተንፈሻ ይኑረው። የመስኮቱም ወንፊት ለወባ ትንኝ ስለሆነ ለጌጥ ብለው እንዳይተዉት።

አጥሩን 1 ሜትር ከ20 ድረስ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ያንሡት፤ ከዚያ በላይ ነፋስ የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ወይም ሽቦ ያድርጉበትና ሰንሰል ወይም አበባ ያስጠጉበት። ሦስት ሜትር የተደፈነ አጥር ቆላ ላይ ግቢውን ምጣድ ያደርገዋል፣ ነፋሱን ከበረንዳዎ ይነጥቃል፤ በመንቀጥቀጥ ጊዜም መጀመሪያ የሚወድቀው ቢም የሌለው ረጅም አጥር ነው። ደኅንነት የሚያሳስብዎት ከሆነ ጎረቤት አሻግሮ የሚያየው ግቢ ማንም ከማያየው ግቢ ይልቅ ለሌባ አይመችም። ማንጎውን ከቤቱ በስተምዕራብ ይትከሉት፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ከየትኛውም ጣራ ሥር ሾልኮ ስለሚገባ እሱን የሚመልሰው ዛፍ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ግን 5 ሜትር ያህል ያርቁት፣ ሥሩ መሠረቱን እንዳይፈታተነው።